ካካውን የሚይዝ ልጅ እልኸኛ አይደለም

(አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተደረገ ንግግር፣ በጽሑፍ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ነው። የሚታጠብ ልብስ አለ፣ ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ። ያንን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። አባቶችን እዚህ ሳይ ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል። አያቶችና ሞግዚቶችም አላችሁ። ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውሉት እናንተ ናችሁና የዛሬው ወሬ ይበልጥ የእናንተ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። የምሠራው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሚታዩበት ክፍል ነው። እናቶች ሳልና ትኩሳት ሲሆን ገና ከመግባታቸው ይነግሩኛል። የሆድ ድርቀት ሲሆን ግን ካርዳቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ ነው የሚያነሱት። «እግረ መንገዴን፣ ካካ እምቢ ብሎታል» ይሉኛል። እንደ ተራ ነገር ስለሚቆጠር ነው። ለልጁ ግን ተራ ነገር አይደለም። ምግብ ይዘጋዋል፤ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ቤቱን ሁሉ ያስጨንቃል። ስለዚህ ዛሬ ስለሱ ብቻ ነው የማወራው፤ በተለይ ከ1 ዓመት እስከ 4 ዓመት ስላሉት ልጆች።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። ካካውን የሚይዝ ልጅ እልኸኛ ሆኖ አይደለም። አንድ ቀን አሞታል። ያ ሕመም እንዳይደገምበት ፈርቶ ነው። የምንሰጠው ምግብም፣ ውሃውም፣ መድኃኒቱም ዓላማው አንድ ነው። ሳያመው እንዲወጣለትና ፍርሃቱ እንዲለቀው።

ድርቀት የምንለው የትኛውን ነው? ብዙ ሰው ቀን ይቆጥራል። «ትናንት አላለም፣ ዛሬም አላለም» ይላል። ቀን ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። በ2 ቀን አንዴ ለስላሳ ካካ የሚል፣ ሲልም የማያለቅስ ልጅ ደህና ነው። በየቀኑ እያለ እንደ ፍየል በጠጥ ደረቅና ክብ ክብ የሚወጣው፣ እያለቀሰ የሚያምጥ ልጅ ደግሞ ድርቀት አለበት። ቀን ከመቁጠራችሁ በፊት ካካውን እዩት። የልጁንም ፊት እዩ።

እኛ ጤና ተቋም ውስጥ የምናየው እንዲህ ነው። በሳምንት 2 ጊዜ ወይም ከዚያ ያነሰ ካካ ይላል ወይ? ደረቅ ነው ወይ፣ ያመዋል ወይ? ሲወጣ በጣም ወፍራም ነው ወይ? ልጁ ይይዛል ወይ? ከነዚህ 2ቱ እንኳ 1 ወር ከቆዩ ድርቀት ነው ብለን እንይዘዋለን። 1 ወር ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ ማለቴ ግን አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የተያዘ ድርቀት በምግብ ብቻ ሊስተካከል ይችላል። የቆየው ግን ጊዜ ይፈጃል።

ስለ ጡት የሚጠቡት በአጭሩ ልለፍ። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን 6 ሳምንት ካለፈው በኋላ ለቀናት ካካ ላይል ይችላል። ሲወጣ ለስላሳ ከሆነ፣ በደንብ ከጠባ፣ ክብደቱም ከጨመረ ድርቀት አይደለም። «ሆዱ ይለስልስለት» ተብሎ ውሃ፣ የአብሽ ውሃ ወይም ቅቤ አይሰጠው። 6 ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ልመለስ። የትልቁ አንጀት አንዱ ሥራ ከምግብ ቅሪት ላይ ውሃ መምጠጥ ነው። ሰገራው እዚያ በቆየ ቁጥር ውሃው ይመጠጣል፤ ውሃው በተመጠጠ ቁጥር ይደርቃል። ከላይ ደግሞ የዛሬው ይጨመርበታል፤ ይተልቃል። አንድ ቀን ይሄ ትልቅና ደረቅ ነገር ሲወጣ ፊንጢጣውን ይሰነጥቀዋል። ስንጥቋ ትንሽ ናት፤ ሕመሟ ግን ብርቱ ነው። ስትጠርጉት ሶፍቱ ላይ የምታዩት ጠብ ያለ ደማቅ ደም ብዙውን ጊዜ ከዚያች ስንጥቅ የመጣ ነው።

የ2 ዓመት ልጅ ይሄንን አይረሳም። በማግስቱ ካካው ሲመጣ «ያ ነገር መጣ» ብሎ ይይዘዋል። ትንሽ ቆይቶ ስሜቱ ይጠፋለታል። ያረፈ ይመስለዋል። ሰገራው ግን እዚያው ነው። እየደረቀ ነው። በሚቀጥለው ሲወጣ ከበፊቱ የባሰ ያመዋል። ከዚያ በኋላ ይበልጥ ይይዛል። ብዙ ልጆች ወራት የሚሰቃዩት በዚህ ነው። ሆዳቸው ውስጥ ሌላ በሽታ ኖሮ አይደለም። ድርቀት ካለባቸው ልጆች ከ10ሩ 9ኙ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ሌላ ሥር የሰደደ በሽታ የለባቸውም።

ሲይዝ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። በጣቶቹ ጫፍ ይቆማል። እግሩን ያጠላልፋል። ቂጡን ያጠብቃል። ሶፋ ጀርባ ወይም መጋረጃ ውስጥ ይደበቃል። ፊቱ ይቀላል፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። እኛ ደግሞ «እያማጠ ነው፣ በርታ!» እንለዋለን። አብዛኛውን ጊዜ እያማጠ አይደለም። እንዳይወጣ እየታገለ ነው። ይሄን መለየት ትልቅ ነገር ነው። እያማጠ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ትጠብቃላችሁ። እየያዘ መሆኑን ካወቃችሁ ግን ታቅፉታላችሁ፤ «አይዞህ፣ አያምህም» ትሉታላችሁ፤ እንዳያመውም ማለስለሻውን ታስባላችሁ።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። ድርቀቱ ሲቆይ የታችኛው አንጀት ይለጠጣል። ሲለጠጥ «ካካ መጣ» የሚለው ስሜት ይቀንሳል። ከላይ የሚመጣው ቀጭን ነገር ደግሞ በደረቁ ሰገራ ጎንና ጎን እየሾለከ የውስጥ ሱሪውን ያበላሻል። እናት ታየውና «ተቅማጥ ያዘው» ትላለች። ማቆሚያ መድኃኒት ትገዛለች፤ ፍራፍሬውንም ትከለክለዋለች። ድርቀቱ ይብሳል። ትንሽ ከፍ ያለው ልጅ ከሆነ ደግሞ «አንተ ትልቅ ሰውዬ ሱሪህ ላይ?» ተብሎ ይቆነጠጣል። ልጁ ግን ሲሾልክበት አላወቀም። እባካችሁ በዚህ ልጅ አትቆጡ። ለቀናት ካካ ሳይል ቆይቶ ሱሪው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ካያችሁ ይዛችሁት ኑ።

ድርቀት ብዙ ጊዜ የሚነሳው በ3 አጋጣሚ ነው። ከጡት ወደ ምግብ ሲሻገር፣ ፖፖ ሲለማመድና ትምህርት ቤት ሲጀምር። መካከለኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ሰፈር ከባድ የሆነው እሱ ነውና።

ዳይፐር ውድ ነው። ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ገና በ1 ዓመቱ «ይልመድ» ተብሎ ፖፖ ላይ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ትምህርት ቤቱም «ዳይፐር የለቀቀ ብቻ» ሲል ወላጁ ይቸኩላል። ልጅ ግን የሚለምደው ሲደርስ ነው። አብዛኞቹ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳሉ። ሱሪውን ዝቅ ማድረግ ሲሞክር፣ ካካ መምጣቱን ሲናገር፣ ዳይፐሩ 2 ሰዓት ያህል ሳይረጥብ ሲቆይ ደርሷል ማለት ነው። ገና ሳይደርስ ከተገደደ መያዝን ይማራል። እያደረቀው ያለ ልጅ ከሆነ ደግሞ ልምምዱን ለጊዜው አቁሙት። መጀመሪያ ካካው ይለስልስ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትመለሱበታላችሁ። ለጥቂት ሳምንት ዳይፐር የምታወጡት ገንዘብ ለወራት ከሚቆይ ስቃይ ይሻላል።

ወደ ምግቡ እንግባ። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ።

የእኛ ቤት ምግብ ለሆድ ድርቀት መጥፎ አይደለም። እንዲያውም በጣም ጥሩ ነው። ጤፍ ከነገለፈቱ ነው የሚፈጨው፤ ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ገለፈቱን ማንሳት አይቻልም። ሽሮ ጥራጥሬ ነው። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ዱባ ሁሉም አሰር አላቸው። አሰር ማለት አንጀት የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል ነው። ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ሰገራውን ያለሰልሰዋል። ችግሩ ይሄ ምግብ ለትልልቁ ይቀርባል፤ ለልጁ ግን «እሱ አይበላም» ተብሎ ሌላ ይሠራለታል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ኢንዶሚ፣ ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ብስኩት። እነዚህ ሁሉ አሰራቸው የወጣላቸው ናቸው። አንድ ብርጭቆ የበሰለ ነጭ ሩዝ 1 ግራም አሰር እንኳ የለውም።

ቀላል መለኪያ ልስጣችሁ። በልጁ ዕድሜ ላይ 5 ጨምሩ። የ2 ዓመት ልጅ ቢያንስ 7 ግራም አሰር በቀን ይፈልጋል፤ የ3 ዓመት ልጅ 8 ግራም። ግማሽ መካከለኛ አቮካዶ ብቻውን 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ የበሰለ ድፍን ምስር ደግሞ 7 ግራም ገደማ። ከባድ አይደለም። ሚዛን አይጠይቅም። በየምግቡ ላይ አንድ አትክልት ወይም ጥራጥሬ፣ በቀን 2 ጊዜ ደግሞ ፍራፍሬ ካለ ይሞላል።

ስለ ምጥን ዱቄት አንድ ነገር ልናገር። ገብሱ፣ ስንዴው፣ አጃው፣ ሽምብራው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ታምሶ ይፈጫል። እናቶች በዚህ ብዙ ይደክማሉ። ከዚያ በኋላ ግን በደቃቅ ወንፊት ደጋግመው ይነፉታል። ፉርሽካው ለዶሮ ይሄዳል፤ ልጁ ነጩን ዱቄት ይበላል። ለ6 ወር ሕፃን መንፋቱ ልክ ነው። 1 ዓመት ሲሞላው ግን ወንፊቱን ሰፋ ያለ አድርጉት። ዱቄቱ ትንሽ ሻካራ ይሁን። ገንፎውና አጥሚቱ ላይ ጣዕሙ ብዙም አይለወጥም፤ ለአንጀቱ ግን ትልቅ ለውጥ ነው። በአንድ ቀን ሁሉንም አትለውጡ። አሰር በድንገት ሲበዛ ሆድ ይነፋል። ቀስ በቀስ ይሁን፤ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ።

ከፍራፍሬ ፓፓያና ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን ከነሥጋው። ጭማቂው ብቻ ሲወጣ አሰሩ ጭማቂ መጭመቂያው ላይ ይቀራል። የታሸገ ጁስ ደግሞ ስኳር ነው፤ ለዚህ ብላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። ሙዝ «ያደርቃል» ይባላል። ያልበሰለው ሙዝ እውነት ነው፣ ያጠብቃል። ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣው የበሰለ ሙዝ ግን ችግር የለውም።

በለስን ግን ተጠንቀቁ። በክረምት መንገድ ዳር ተልጦ ሲሸጥ ልጆች ይወዱታል። ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም፤ አንዱ ሁለቱ ለልጅም አይጎዳም። ብዙ ሲበላ ግን ጠጣር ዘሮቹ ታች ይጠራቀሙና አንድ ላይ ይጋገራሉ። ያ ልጅ ያለ ሕክምና እርዳታ ካካ ማለት ሊያቅተው ይችላል። ለትንሽ ልጅ በለስ ለመክሰስ ሰሃን ሞልታችሁ አትስጡ።

ቀይ ሥርንም ላንሳ። ጥሩ ነው፤ ስጡ። ግን በማግስቱ ካካውም ሽንቱም ሊቀላ ይችላል። ደም መስሏቸው እየሮጡ የሚመጡ አሉ። ትናንት ቀይ ሥር በልቶ እንደሆነ አስታውሱ።

ቆሎ አሰር አለው ብላችሁ ለ2 ዓመት ልጅ እንዳትሰጡ። ሊያንቀው ይችላል። 4 ዓመት እስኪሞላው ቆሎም ኦቾሎኒም በፍሬው ይቆይ።

ወተት። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች ይቀየሙኛል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው። ግን በ2 ዓመቱ ገና ጡጦ ይዞ የሚዞር፣ በቀን ሊትር የሚጠጣ ልጅ አለ። ሆዱ በወተት ስለሞላ ምሳው አይገባውም። «ምግብ እምቢ አለ፣ ወተት ብቻ ነው የሚወስደው» ይባላል። ወተቱ ስለበዛ ነው እኮ ምግቡን እምቢ ያለው! ወተት አሰር የለውም። ብረት የሚባለውም ንጥረ ነገር በጣም ትንሽ ነው ያለው፤ ስለዚህ ልጁ ድርቀትም ደም ማነስም ሊያገኘው ይችላል። ከ1 ዓመት በላይ ላለ ልጅ በቀን ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። በኩባያ ይጠጣ። ከምግብ በኋላ ይሁን፤ በፊት አይሁን። ጥቂት ልጆች ደግሞ የላም ወተት ራሱ የማይስማማቸው ይኖራሉ። ያንን የምንሞክረው አብረን ነው። ራሳችሁ ወተት አቋርጣችሁ ልጁን እንዳታስርቡት።

ሻይም ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። ከምግብ የሚገኘውን ብረት ይቀንሳል፤ ውሃውን ደግሞ ይተካበታል። ጠዋት ዳቦ በሻይ የለመደ ልጅ ካላችሁ፣ ዳቦውን በአቮካዶ ወይም በለውዝ ቅቤ ስጡት፤ ሻዩን በውሃ ለውጡለት።

የውሃውን ነገር ሳነሳ እናንተ ቶሎ ትረዱኛላችሁ። እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣ በርሜልና ጀሪካን ይሞላል፤ ከዚያ ይጠበቃል። ያ ውሃ ደግሞ ቀን ሲያድር ያስፈራል። ስለዚህ ብዙ ቤት ውስጥ «ተቅማጥ እንዳይዘው» ተብሎ ልጁ ውሃ ሳይጠጣ ይውላል። ፍርሃቱ ልክ ነው። መፍትሔው ግን መከልከል አይደለም። የልጁን መጠጥ ውሃ ለብቻው አፍሉ፤ አቀዝቅዙ፤ ክዳን ባለው ንጹህ ዕቃ አስቀምጡ። ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት፤ በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠንና ሰዓት ጠብቁ። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ ወተቱንም ጨምሮ በቀን 1 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ በግድ ማጠጣት ድርቀቱን አይፈታም። የሚፈለገው ሳይጠማ እንዲውል ነው።

አሰር ጨምራችሁ ውሃ ካልጨመራችሁ ግን ነገሩ ሊብስ ይችላል። ይሄን አስምሩበት።

አሁን ስለ ጠዋት ላውራ። ልቤ ያለው እዚህ ነው።

ሰው ሲበላ ጨጓራው ሲሞላ ትልቁ አንጀት መንቀሳቀስ ይጀምራል። ተፈጥሮ ነው። ይሄ እንቅስቃሴ ከሁሉም ጊዜ የሚበረታው ጠዋት ከቁርስ በኋላ ነው። እና ቱሉ ዲምቱ ጠዋት ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ የሚሠራ ሰው ገና ሳይነጋ ይወጣል። የባሱ ሰልፍ፣ የታክሲው ግፊያ አለ። ልጁ እንቅልፉን ሳይጨርስ ይለብሳል፤ ዳቦውን እየሄደ ይበላል። ካካው በሚመጣበት ደቂቃ እሱ እናቱ ጀርባ ላይ ወይም ታክሲ ውስጥ ነው። ይይዘዋል። በየቀኑ ሲይዝ፣ መያዝ ልማድ ይሆናል።

በዚህ ወላጅን አልወቅስም። ከተማው የተሠራው እንዲህ ነው። ግን ከቤት የሚወጣው ልጅ ከሆነ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይነሳ፤ ቁጭ ብሎ ይብላ። ቤት የሚቀር ከሆነ ደግሞ ይሄ ሥራ የሞግዚቷ ወይም የአያቱ ነው። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፖፖ ላይ ይቀመጥ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። መጣም አልመጣም ይነሳ። ተረት አውሩለት፤ ዘፈን ዝፈኑለት። ሞባይል አትስጡት፤ ሐሳቡ እዚያ ይቀራል። ማታ ከእራት በኋላም እንዲሁ።

አመስግኑት። የምታመሰግኑት ካካ ስላለ ብቻ አይሁን። ስለተቀመጠ ጭምር ነው። መቀመጥ በእጁ ነው፤ ካካው ግን ሁልጊዜ በእጁ አይደለም። ካላለ «ነገ ይመጣል» በሉት። ፊታችሁን አታጥቁሩ።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ሽንት ቤት መቀመጫ የተሠራው ለአዋቂ ነው። ልጅ ሲቀመጥበት እግሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ውስጥ እንዳይገባ ይፈራል፤ ሰውነቱን ያጠብቃል። እንዲህ ሆኖ አይወጣለትም። ፖፖ ይሻላል። መቀመጫውን የሚጠቀም ከሆነ እግሩ ሥር ዱካ አድርጉለት። ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ይበል፤ ወደፊት ትንሽ ያዘንብል። ግቢ ውስጥ የጋራ ጉድጓድ ሽንት ቤት የምትጠቀሙም አላችሁ። ለ3 ዓመት ልጅ ያ ጨለማና ያ ሰፊ ቀዳዳ ያስፈራዋል። እዚያ እንዲሄድ አታስገድዱት። ቤት ውስጥ በፖፖ ይበል፤ ወስዳችሁ ድፉት፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ደግሞም አሯሩጡት። አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተቆልፎበት ቴሌቪዥን እያየ የሚውል ልጅ አንጀቱም ይሰንፋል። በቀን አንዴ ወደ ግቢ ይውረድ።

ስለ ሳሙና በግልጽ እናገራለሁ። ሳሙና እንደ ጣት ቀርጾ ቂጥ ውስጥ መክተት፣ በሳሙና ውሃ ማጠብ፣ በጣት ማውጣት። ይሄ በብዙ ቤት አለ። የሚደረገው በፍቅር ነው፤ ልጁ ሲያለቅስ ማየት ስላልቻሉ ነው። ግን ሳሙናው የውስጡን ስስ ቆዳ ያቃጥለዋል። ከዚህም የከፋው ደግሞ ልጁ ቀድሞውንም የሚፈራው ቦታ ላይ ሌላ ሕመም መጨመሩ ነው። በሚቀጥለው ቀን ይበልጥ ይይዛል። ያወራነው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ኮሶም የጉሎ ዘይትም ለልጅ አይሰጥም። ለአዋቂ የታዘዘ የማስቀመጫ መድኃኒት ተካፍሎም ቢሆን አይሰጥም።

አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ የማይታከመው የቱ ነው? ሆዱ ተነፍቶ የሚያስመልሰው፣ በተለይ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ይምጣ። ድርቀቱ ከተወለደ በመጀመሪያው ወር የጀመረ፣ ወይም ሲወለድ የመጀመሪያውን ጥቁር ካካ በ48 ሰዓት ውስጥ ያላለ ልጅ መታየት አለበት። ክብደቱ የማይጨምር፣ እግሩ የሚዝል፣ ትኩሳት ያለው፣ ከትንሽ ጠብታ በላይ ደም የሚታይበት ልጅም እንዲሁ።

ሰገራው ሆዱ ውስጥ ተጋግሮ ለቆየበት ልጅ ደግሞ በምግብ ብቻ አትታገሉ። መጀመሪያ የተጠራቀመው በመድኃኒት መውጣት አለበት። ምግቡ ሥራውን የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

እስቲ ጥያቄዎቻችሁን ልመልስ።

አንዲት እማማ «ልጄ፣ እኛ በተልባ ነው ያሳደግነው፤ እሱንም ልትከለክይን ነው?» አሉኝ። አይደለም እማማ። ተልባ ጥሩ ነው። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነው 1 የሻይ ማንኪያ የተቆላና የደቀቀ ተልባ በገንፎው ወይም በሚጠጣው ውስጥ ይግባለት። ደረቁን በማንኪያ አይስጡት፤ ውሃም በላዩ ይጠጣ። ተልባ ውሃ ካላገኘ ራሱ ይደርቃል። ማር የሚጨምሩበት ከሆነ ግን 1 ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር በፍጹም አይቅመስ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ባክቴሪያ በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ መርዝ ያመነጫል። የዚያ ሕመም የመጀመሪያ ምልክቱ ደግሞ ድርቀት ነው።

አንዷ እናት ላክቱሎስ ስለሚባለው ሰገራ ማለስለሻ መድኃኒት ጠየቀች። «ታዘዘለት፤ በሳምንቱ ተሻለው፤ አቆምኩ፤ ተመለሰበት። አንጀቱ መድኃኒቱን እንዳይለምድ ፈርቼ ነው» አለች። እህቴ፣ ይሄን ፍርሃት በየቀኑ እሰማዋለሁ። ላክቱሎስ በሰገራው ውስጥ ውሃ ይዞ የሚያቆይ ነው። በታዘዘው መጠን ሲወሰድ አንጀትን አያሰንፍም። የተለጠጠው አንጀት ወደ ቦታው እስኪመለስ፣ ልጁም ሕመሙን እስኪረሳ ጊዜ ይፈልጋል። ቢያንስ 2 ወር ይወሰዳል። ምልክቱ ሁሉ ከጠፋ በኋላም 1 ወር ይጨመርበታል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በአንዴ አይቆምም። በሳምንት መቆሙ ነው የመለሰበት። የምትቀንሺውን መጠን ካዘዘልሽ ባለሙያ ጋር ተነጋገሪ።

የመጨረሻው ጥያቄ የአንድ አባት ነው። «ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ነው የምገባው። እኔ ምን ላድርግ?» አለ። ወንድሜ፣ ጠዋቱን ለሞግዚቷ ተዋት፤ ማታውን አንተ ያዘው። እራቱን ስትገባ አብረኸው ብላ። ሲጨርስ ፖፖው ላይ አስቀምጠው፤ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ በል። 10 ደቂቃ ነው። ሁለታችሁ ብቻ። ካካ ካለ ሰዓቱንና ለስላሳ ወይም ደረቅ መሆኑን ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ሞግዚቷም የቀኑን ትጻፍ። ለ2 ሳምንት ከጻፋችሁ በኋላ ወረቀቱን ይዛችሁልኝ ኑ። ከሱ ብዙ ነገር አነብበታለሁ።